ጅምላ ፍረጃን የሚሞግት አሳማኝ ንግግር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰሜን ሸዋ ትምህርት ቤቶች፣ ክበባትና የእድር ስብሰባዎች ላይ ስለ አንድ ወገን የተያዘን የተዛባ አመለካከት ለመሞገት ንግግር የሚያዘጋጁ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው የሚከተሉት ናቸው።

ጅምላ ፍረጃን የሚሞግት ንግግር ከሌላው አሳማኝ ንግግር በምን ይለያል?

አሳማኝ ንግግር ሁሉ አድማጩን ከነበረበት ሐሳብ ወደ ሌላ ሐሳብ ወይም ወደ አንድ ተግባር ለማድረስ ይጥራል። ሰፈሩ የውኃ ጉድጓድ እንዲያስቆፍር የሚያግባባ ተናጋሪ ወጪውንና ጥቅሙን በቅደም ተከተል ቢያስረዳ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል፤ አድማጩ በጉዳዩ ላይ ቀድሞ የያዘው ጽኑ አቋም የለምና። ጅምላ ፍረጃን የሚሞግት ሰው ግን የሚገጥመው ከልጅነት ጀምሮ ከእናት ከአባት አንደበት የተሰማ፣ በተረት የታሸ፣ በጋብቻና በማዕድ ልማድ የጸና አመለካከት ነው። አድማጩ ይህን አመለካከት ሊከራከሩበት እንደሚችሉ ሐሳብ አይቆጥረውም፤ ለእርሱ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው።

በአካባቢያችን ለዚህ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ በእጅ ሙያተኞች ላይ የኖረው ንቀት ነው። ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ምጣዱንና እንስራውን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔውና ቆዳ ፋቂው ሥራቸው በየቤቱ ሳይጠፋ እነርሱ ግን «ቡዳ» ተብለው ተፈርተዋል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሎ ተወርቶባቸዋል፤ ጋብቻም ተነፍገዋል። ከዚህ በታች አብዛኛው ምሳሌ ከዚሁ ጉዳይ የተወሰደ ነው፤ የሚነሱት ስልቶች ግን በሴቶች፣ በአካል ጉዳተኞች፣ በሌላ አካባቢ ወይም በሌላ እምነት ሰዎች ላይ ለሚነገረውም ይሠራሉ።

ፍረጃው በቋንቋችን ውስጥ የሚደበቀው የት ነው?

ብዙ ሰው ፍረጃ የሚገኘው በስድብ ቃል ውስጥ ብቻ ይመስለዋል። ከስድቡ ይልቅ አደገኛው ግን የዐረፍተ ነገሩ ቅርጽ ነው። በአማርኛ «ደገኛ እንዲህ ነው፤ ቆለኛ እንዲያ ነው» ስንል አንድን የነጠላ ስም ያለ ምንም መለያ አቁመን፣ ሺህ ሰዎችን በአንድ «ነው» እንዘጋለን። ስንት ሰው፣ መቼ፣ የት፣ ማን አየ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ ከዐረፍተ ነገሩ ውጭ ይቀራሉ። ግሡም ያግዛል፦ «ያደርጋሉ» የሚለው የዘወትር ጠባይን ያመለክታል፤ «አደረጉ» የሚለው ግን አድራጊውን፣ ቀኑንና ቦታውን እንድንጠይቅ ያስገድደናል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት ለአራት ዓመት ሕፃናትና ለአዋቂዎች በሥዕል መጽሐፍ ስለ አንድ የፈጠራ ሕዝብ አንብቦላቸው ነበር። ለአንዳንዶቹ «እነዚህ ሰዎች ጥንዚዛ ይፈራሉ» በሚል የጅምላ አነጋገር፣ ለሌሎቹ ደግሞ «ይህ ሰው ጥንዚዛ ይፈራል» በሚል የተወሰነ አነጋገር ተነበበ። ሥዕሉና ነገሩ አንድ ሆኖ ሳለ፣ የጅምላውን አነጋገር የሰሙት ያ ሕዝብ በተፈጥሮው ከሌላው የተለየ፣ ጠባዩም በደም የሚወረስ ነው ወደሚል እምነት አዘነበሉ። ክፉ ቃል አልተነገረም፤ የቃሉ አሰካክ ብቻ በቂ ሆነ።

ስለዚህ ተናጋሪው ረቂቁን ሲጨርስ የራሱን ዐረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ሊመረምር ይገባዋል። «ሸክለኞች ተጨቁነዋል» የሚለው እንኳ በበጎ ሐሳብ የተጻፈ ጅምላ ነው። በምትኩ «በዚህ ገበያ ምጣድ የሚሸጡ ሴቶች ውኃ ከቤት ሲጠይቁ በሌላ ጣሳ ይሰጣቸው ነበር» ቢባል፣ ድርጊቱም አድራጊውም ይታያል።

በራሳችን ታሪክ እንዲህ ያለ ንግግር ተደርጎ ያውቃል?

አዎን፤ እኔ ለተማሪዎች ሁልጊዜ የምጠቅሰው በአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ስለሚሰድቡ ሰዎች ያወጡትን አዋጅ ነው። አዋጅ ቢሆንም አቀራረቡ የሚሞግት ንግግር ነው፤ ከትእዛዙ በፊት ምክንያት ይደረድራል፤ በዘመኑ የነበረውን አድማጭ በሚገባ ያውቀዋል።

ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። አዋጁ መጀመሪያ ስድቡን ከሥራው ጋር እያጣመረ ይዘረዝራል፦ ብረት ቢሠራ ምን እንደሚባል፣ ሸማ ቢሠራ ምን እንደሚባል፣ ቢጽፍ ምን እንደሚባል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ከቀጥቃጩና ከሸማኔው ጋር ጸሐፊውም መግባቱ ታላቅ ብልሃት ነው፤ ምክንያቱም የሚሰደበው አንድ የተገለለ ወገን ብቻ ሳይሆን እጁን ለሥራ ያነሣ ሰው ሁሉ መሆኑ ይገለጣል። ቀጥሎ የሰው ልጅ ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን መወለዱን፣ ልዩነት ማድረግም ካለማወቅ የሚመጣ መሆኑን ይናገራል። «በፊትህ ወዝ እንጀራህን ትበላለህ» የሚለውን የመጽሐፍ ቃል በማስከተልም ሥራን ከውርደት አውጥቶ ከትእዛዘ እግዚአብሔር ጋር ያቆራኘዋል። እዚህ ላይ አድማጩ የሚቃወመው ነገር የለውም፤ የራሱ እምነት ነውና።

ከእምነቱ በኋላ ጥቅሙ ይመጣል። በአውሮፓ መድፍ፣ ጠብመንጃና ባቡር የሚሠራው ሰው እንደሚመሰገንና ረዳት እንደሚጨመርለት፣ በእኛ ዘንድ ግን ስድቡ ማረሻ የሚሠራ ሰው እንኳ አሳጥቶ ሀገሩን ጠፍ እንደሚያስቀር ያስጠነቅቃል። በመጨረሻም ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግዲህ ሠራተኛውን የሰደበ እኔን እንደ ሰደበ ነው ይላሉ፤ የአንድ ዓመት እስራትም ይደነግጋሉ። በኅብረተሰቡ ከፍታ ላይ ያለው ሰው ራሱን ከተናቀው ጎን አቆመ፤ በዚያ ዘመን ለነበረ አድማጭ ይህ ከቅጣቱም በላይ የሚያስደነግጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለዛሬ ተናጋሪ የሚቀረው አንድ ልዩነት ነው፦ እርሱ ማሰር አይችልም። ስለዚህ የአዋጁን መሰናዶ እንጂ መደምደሚያውን ሊወርስ አይችልም፤ የትእዛዙን ቦታ ጥያቄ ወይም ቃል ኪዳን ሊይዘው ይገባል።

ንግግሬን በምን ልጀምር?

ፍረጃውን በመጥራት አይጀምሩ። «ብዙዎች ሸማኔዎች እንዲህ ናቸው ይላሉ፤ ይህ ግን ስሕተት ነው» ብሎ መነሣት የተለመደ አጀማመር ነው፤ ነገር ግን አድማጩ በመጀመሪያ የሚሰማው፣ በጆሮውም የሚቀረው ያው የቆየው አባባል ይሆናል። ደግሞም «ስሕተት ነው» የሚለው ቃል ገና መተማመን ሳይፈጠር የመጣ ስለሆነ አድማጩን መከላከል ውስጥ ያስገባዋል።

አድማጩ ከተናጋሪው ጋር በማይለያይበት ነገር መጀመር ይሻላል። በደብረ ብርሃን ብርድ ለሚኖር አድማጭ የመንዝ በግ ፀጉር ተፈትሎ የሚሠራው ባና ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። «ትናንት ማታ የለበስነውን ማን ፈተለው? ማን ሸመነው? ዛሬ ጠዋት የበላነው እንጀራ የተጋገረበትን ምጣድ ማን ሠራው? ገብሱ የተዘራበትን መሬት የገለበጠው ማረሻ ከማን እጅ ወጣ?» ብሎ በጥያቄ መጀመር አድማጩ መልሱን ራሱ እንዲሰጥ ያደርገዋል። እነዚህን ጥያቄዎች በልቡ የመለሰ ሰው ስሙን ያልጠራነውን ፍረጃ በራሱ ጊዜ ያስታውሰዋል፤ በበላውና በናቀው መካከል ያለው ተቃርኖም ተናጋሪው ሳይወቅሰው ይታየዋል።

«እኛ»፣ «እናንተ» እና «እነርሱ» የሚሉትን እንዴት ልጠቀም?

በዚህ ዓይነት ንግግር ውስጥ ከቅጽልና ከስም ሁሉ በላይ ክብደት ያላቸው እነዚህ ሦስት ተውላጠ ስሞች ናቸው። «እነርሱም እንደ እኛ ሰዎች ናቸው» የሚለው ዐረፍተ ነገር በጎ ይመስላል፤ ሆኖም ሚዛኑ እኛ፣ ተመዛኞቹ እነርሱ መሆናቸውን ሳያስነካ ይተወዋል። «እኛ በዚህች ከተማ የምንኖር፦ አራሹም፣ ነጋዴውም፣ ቀጥቃጩም፣ መምህሩም» ሲባል ግን ክበቡ ከመጀመሪያው ሰፍቶ ይሠራል። በአዳራሹ ውስጥ የተገለለው ወገን ልጆች መኖራቸውንም አይርሱ፤ «እነርሱ» እያሉ ሲናገሩ እዚያው የተቀመጠውን ሰው ከወንበሩ ያስነሡታል።

ክበቡን አውቆ ማጥበብም ኃይል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከባርነት ያመለጠው አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ዳግላስ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1852 በሮቼስተር ከተማ ስለ ሀገሪቱ የነጻነት በዓል ሲናገር አድማጮቹን ወገኖቼ ብሎ ጠርቶ፣ የሀገሪቱን መሥራቾች ጀግንነት አመስግኖ፣ በዓሉን ግን «የእናንተ» እያለ ቀጠለ። በአንድ ተውላጠ ስም ብቻ በወገንነትና በመገለል መካከል ያለው ገደል ታየ። ይህን ስልት መጠቀም የሚገባው ግን መገለሉን ራሱ የቀመሰ ሰው ነው፤ ሌላው ሰው «እናንተ» ሲል ራሱን ከበደሉ ያወጣ ይመስላል።

መደጋገም ንግግሩን አያሰለችም?

ሐሳብን መድገም ያሰለቻል፤ የዐረፍተ ነገርን አወቃቀር እየደገሙ ሐሳቡን ማሳደግ ግን አድማጩን ይዞት ይሄዳል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ባደረጉት ንግግር፣ አንዱ ዘር የበላይ ሌላው የበታች ነው የሚለው ፍልስፍና እስኪወገድ ድረስ፣ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ዜጋ የሚባል እስኪቀር ድረስ፣ የሰው የቆዳ ቀለም ከዓይኑ ቀለም የበለጠ ትርጉም እስከማይኖረው ድረስ እያሉ ሁኔታዎቹን ከደረደሩ በኋላ ነበር ዘላቂ ሰላም ሕልም ሆኖ እንደሚቀር የተናገሩት። ዋናው ሐሳብ ስለሚዘገይ አድማጩ እስኪደርስበት ይጠብቃል።

አማርኛ ለዚህ ስልት የተፈጠረ ቋንቋ ነው ማለት ይቻላል፤ ማሰሪያ ግሡ በመጨረሻ ስለሚመጣ ተናጋሪው ሐሳቡን አንጠልጥሎ ማቆየት አይቸግረውም። ሦስት ጊዜ መድገም ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ተረትና ምሳሌ ልጠቀም?

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» በሚል ሕዝብ ፊት ያለ ምሳሌ መናገር ከባድ ነው። ችግሩ ከምሳሌዎቻችን ብዙዎቹ ራሳቸው የፍረጃ ማኅደሮች መሆናቸው ነው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው አባባል ሴትን ከሸንጎ ለማስወጣት ሲጠቀስ ኖሯል፤ አጭርነቱና ቤት መምታቱ ምክንያት የሚጠይቅ ሰው እንዳይኖር አድርጎታል።

እንዲህ ያለውን አባባል በማስተባበያ ብዛት ማሸነፍ አይቻልም። የሚቻለው አንድም የሚመጥን አጭር አባባል በመመለስ፣ አንድም አባባሉን ራሱን ለጥያቄ በማቅረብ ነው፦ መጀመሪያ ማን ተናገረው? በማን ላይ? ማን ዝም እንዲል? አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ይህን ምሳሌ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ጠቅሳ፣ ከዚያ ቀጥላ የትምህርት ቤቷን ሴት መምህራን የሚያስተምሩትን የትምህርት ዓይነት ብቻ አንድ በአንድ ብትጠራ፣ ትንታኔ ሳትጨምር ምሳሌው ይፈርሳል። ሰምና ወርቅም ይረዳል፤ ነገር ግን ወርቁ ለሁሉ የማይገለጥ ከሆነ ለጥቂት አዋቂዎች የተነገረ ንግግር ይሆንና የታለመለት አድማጭ ሰሙን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

የአንድ የተሳካለትን ሰው ታሪክ ብነግር አይበቃም?

ታሪክ ከሌለ ልብ አይነካም፤ አንድ ታሪክ ብቻ ከሆነ ግን ወጥመድ አለው። አድማጩ ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ወጥቶ ሐኪም ስለሆነ ሰው ሲሰማ «እርሱማ ልዩ ነው» ብሎ ሰውየውን ከወገኑ ነጥሎ ያወጣውና ፍረጃውን እንደ ነበረ ያቆየዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ፍረጃውን የሚቃረነው መረጃ በጥቂት ጎልተው በሚታዩ ሰዎች ላይ ከመከማቸት ይልቅ በብዙ ተራ የወገኑ አባላት ላይ ተበትኖ ሲቀርብ የሰዎችን አመለካከት የበለጠ ይለውጣል።

ስለዚህ ሐኪሙን ብቻ አያቅርቡ። ልጇን ትምህርት ቤት ያደረሰች ሸክላ ሠሪ፣ የእድሩን ገንዘብ በታማኝነት የያዘ ቀጥቃጭ፣ ጎረቤቱ ሲታመም ሌሊት ቃሬዛ የተሸከመ ሸማኔ፦ እንዲህ ያሉ ሦስት አራት ተራ ሰዎች በአጭር በአጭሩ ቢነሱ አድማጩ ሁሉንም «ልዩ ነው» ብሎ ማስወጣት አይችልም። ሰዎቹን በስማቸው ከመጥራት በፊት ግን ፈቃዳቸውን መጠየቅ ግዴታ ነው።

ይህ ምክር ለሌላም ምክንያት ይጠቅማል። ክብር የሚገባው ሐኪም ለሆነ ብቻ ነው የሚል መልእክት ሳናውቀው እንዳናስተላልፍ ይጠብቀናል፤ ሸክላ እየሠራች የምትኖረው ሴት ክብሯ ከሸክላው ጋር ሊታወቅላት ይገባልና።

የተቃዋሚን ሐሳብ የት ላስገባው?

የቀድሞው የ«በላ ልበልሃ» ሙግት ለዚህ ጥሩ መምህር ነው። ተሟጋቹ «ተጠየቅ» ብሎ ባላጋራውን በፊት ለፊት ይሞግታል፤ የባላጋራውን ቃል አንሥቶ በዚያው ቃል ይረታዋል፤ ታዳሚውም በሁለቱ ብልሃት ይፈርዳል። ከዚህ የምንወስደው የተቃዋሚን ሐሳብ አለመደበቅን ነው። አድማጩ በልቡ የያዘውን ተቃውሞ ተናጋሪው ካላነሣው አድማጩ ማዳመጡን ትቶ ያንኑ ሲያብሰለስል ይቆያል።

ቦታው ከንግግሩ አጋማሽ በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የጋራ መሠረቱ ተጥሎ ማስረጃው ከቀረበ በኋላ፣ ነገር ግን ከጥሪው በፊት። በዚያን ጊዜም ተቃውሞውን ባለቤቱ ቢሰማው «አዎ፣ ይህን ነው የምለው» በሚያሰኝ መልኩ በትክክል ማቅረብ ያስፈልጋል። አዳክመው ያቀረቡትን ተቃውሞ ማሸነፍ ማንንም አያሳምንም።

የስድቡን ቃል በንግግሬ ውስጥ ልጥራው?

ግድ ከሆነ አንድ ጊዜ፤ በርዕስ፣ በመክፈቻና በመዝጊያ ግን ፈጽሞ አይጥሩት። ሲጠራም ከተናጋሪው አፍ የወጣ ሳይሆን በአንድ ሰው ላይ የተደረገ ድርጊት ሆኖ ይቅረብ፦ «በዕረፍት ሰዓት ያን ቃል ብለው ጠሩት፤ እርሱም ደብተሩን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።» ለማሣቅ ተብሎ ከተጠራ ንግግሩ በዚያችው ቅጽበት ወድቋል።

አድማጮቼ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሽማግሌዎች ቢሆኑስ?

ወጣት ተናጋሪ በአባቶችና በእናቶች ፊት ቆሞ «ተሳስታችኋል» ቢል ሐሳቡ ሳይመረመር ድፍረቱ ይመረመራል። «አባቶቼ፣ እናቶቼ» ብሎ ጀምሮ፣ ከእነርሱ የተማረውን አንድ እውነተኛ ነገር አመስግኖ፣ ከዚያ ያንኑ ትምህርት በሙሉ እንዲፈጽሙት መጠየቅ ይሻላል። «እንግዳን አክብሩ፣ የጎረቤትን ቀብር አትቅሩ ብላችሁ አስተምራችሁናል፤ ታዲያ በመንደሩ ዳር ያለችው ቤት ጎረቤታችን አይደለችምን?» የሚል ጥያቄ ከራሳቸው ሚዛን የተነሣ ስለሆነ ክብራቸውን አይነካም፤ ማምለጫም አይሰጥም።

የአክብሮት አነጋገሩ ግን ለአድማጩ ብቻ ሳይሆን ለሚነገርላቸውም መዋል አለበት፤ ይህ በብዙ ንግግሮች ውስጥ ሲዘነጋ አያለሁ። አንድ ወጣት ስለ ስድሳ ዓመት ገበሬ «እሳቸው» እያለ፣ በዚያው ዕድሜ ስላሉ ሸክላ ሠሪ እናት ሲናገር «እሷ» ካለ፣ ሊያፈርሰው የተነሣውን ደረጃ በግሥ እርባታው ገንብቶታል። «እሳቸው ጭቃውን ሲያቦኩ፣ ሲጠፈጥፉ፣ ሲተኩሱ አየሁ» ሲባል አድማጩ ለእኒያ እናት ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት ግሥ ሲነገር ይሰማል። ለእኔ በአማርኛ ከሚቻሉት ስልቶች ሁሉ ይህ በጣም ጸጥተኛውና በጣም ኃይለኛው ነው፤ ሙግት ስለማይመስል ማንም አይቃወመውም።

«ፍረጃው ውስጥ እኮ እውነት አለበት» ቢሉኝ ምን ልመልስ?

የታየውን ነገር ከተሰጠው ምክንያት ለዩት። «ሙያተኞቹ ራሳቸው ከሰው መቀላቀል አይወዱም፤ በመንደር ዳር ይኖራሉ፤ እርስ በርሳቸው ይጋባሉ» ይባላል። መንደር ዳር መኖራቸውም፣ እርስ በርስ መጋባታቸውም በብዙ ቦታ የታየ ስለሆነ «ውሸት ነው» ብሎ መካድ ተናጋሪውን ያስንቀዋል። የሚሞገተው ምክንያቱ ነው፤ ሰዎቹ እንዲህ ስለሆኑ ነው ወይስ እንዲህ እንዲሆኑ ስለተደረጉ? እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ድረስ በብዙ የሀገራችን ክፍሎች የእጅ ሙያተኞች ርስት አልነበራቸውም፤ በሰው መሬት ጥግ ጭሰኛ ሆነው ይኖሩ ነበር። ልጁን የሚድርለት ያጣ ሰው ከዘመዱ ጋር ቢጋባ ይህ ምርጫው ነው ሊባል አይችልም።

በንግግር አወቃቀር ይህ ማለት መጀመሪያ ማመን፣ ቀጥሎ መጠየቅ፣ ከዚያ የምክንያቱን አቅጣጫ መገልበጥ ነው። ያመኑት እውነት ጮክ ብሎና በሙሉ ዐረፍተ ነገር መነገር አለበት፤ በግማሽ አፍ የታመነ ነገር የተደበቀ ይመስላል።

አንዱን ፍረጃ ስሞግት ሌላ ፍረጃ እንዳልፈጥር ምን ላድርግ?

«የሸማኔ ልጅ ሁሉ ጠቢብ ነው»፣ «የሰሜን ሸዋ ሰው እንግዳ ተቀባይ ነው» የሚሉት አባባሎች ያስደስታሉ፤ ቅርጻቸው ግን የሚሞገተው አባባል ቅርጽ ነው። ውዳሴውን የማያሟላው ግለሰብ፣ ጥበብ የሌለው የሸማኔ ልጅ፣ በዚሁ ሚዛን ቀልሎ ይገኛል። «እኛ ጨዋ ሕዝብ ነን» ብሎ አድማጭን ማሞካሸትም እንዲሁ ነው፤ ጨዋ የሚለው ቃል ሙያተኞችን ለማግለል ሲያገለግል እንደኖረ የሚያውቅ አድማጭ በአዳራሹ ውስጥ ይኖራል።

በብሔርና በሃይማኖት ላይ ስለሚነገር ፍረጃ ለመናገር ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

በዞናችን አማራው፣ ኦሮሞውና አርጎባው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ሲገበያዩና ሲዋለዱ ኖረዋል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ደም ፈሷል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ከተማዋ ተቃጥላለች፤ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል። ዘመዱን ባጣ ሰው ፊት «ሁላችንም አንድ ነን» ብሎ መጀመር ሐዘኑን እንደ መዝለል ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ የሚነገር ምንም ቃል አይገባም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የንግግሩ የመጀመሪያ ክፍል ሐዘኑን በስሙ መጥራት አለበት፦ የተቃጠለው ቤት፣ የሞተው ሰው፣ ሳይሰበሰብ የቀረው እህል። ተናጋሪው ይህን ሳይቸኩል ከተናገረ በኋላ ብቻ ወደ ዋናው ነገር ሊሻገር ይችላል፤ ዋናው ነገርም በደል የሠራን ሰው ከተወለደበት ወገን መለየት ነው። እዚህ ላይ ከላይ የተነገረው የግሥ ነገር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። «የገደሉት ሰዎች በሕግ ይጠየቁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር የተወሰነ አድራጊና የተፈጸመ ድርጊት አለው። «እነ እገሌ ነፍሰ ገዳዮች ናቸው» የሚለው ግን ያልተወለደውን ሕፃን ጭምር ይከሳል። ተናጋሪው ፍትሕን በመጀመሪያው ቅርጽ እየጠየቀ ሁለተኛውን ቅርጽ በጽናት ሊከለክል ይገባዋል፤ ይህን ሲያደርግ ከሐዘንተኛው እንዳልራቀ አድማጩ ሊያይ ይችላል።

የተገለለው ወገን አባል ሳልሆን ስለ እነርሱ መናገር እችላለሁ?

ይቻላል፤ ስለ እነርሱ ስሜት ሳይሆን ስለ ራስዎ ወገን ድርጊት ይናገሩ። «እነርሱ ምን ያህል እንደሚያዝኑ» የሚለውን ራሳቸው ይናገሩት፤ ጊዜ ካለም መድረኩ ላይ ይጋበዙ። «በቤታችን ለማን በየትኛው ጣሳ ውኃ ይሰጥ ነበር» የሚለውን ግን ከእርስዎ በተሻለ የሚመሰክር የለም።

አንድ ንግግር እውነት ምን ይለውጣል?

የ1900ው አዋጅ የንጉሠ ነገሥት ሥልጣን ይዞ እንኳ ንቀቱን አላጠፋውም፤ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም ጋብቻ ሲታሰብ የሙያ ዘር የሚጠየቅበት ቤት አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዳው፣ ጭፍን ጥላቻን የሚቀንሰው ሰዎች በእኩል ደረጃ፣ ለጋራ ዓላማ፣ በመተባበርና በሕግ ወይም በሥልጣን ድጋፍ ሲገናኙ ነው። ንግግር እነዚህን ሁኔታዎች በራሱ አይፈጥርም፤ እንዲፈጠሩ ግን መጠየቅ ይችላል።

በዚህ ምክንያት የንግግሩ ማሳረጊያ «አመለካከታችንን እንለውጥ» መሆን የለበትም፤ ይህን ማንም ሰምቶ አጨብጭቦ ይሄዳል። በሚቀጥለው ወር ሊደረግ የሚችል፣ መደረጉም ሊታይ የሚችል አንድ ነገር ይጠየቅ። በእድር ስብሰባ ላይ ከሆነ በመንደሩ ዳር ያሉት ሙያተኞች ቤተሰቦች እንደ ማንኛውም አባል እንዲመዘገቡና ድንኳኑ፣ ዕቃውና ቀብር ቆፋሪው ለእነርሱም እንዲደርስ በዕለቱ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲጻፍ። በትምህርት ቤት ከሆነ የሙያ ቀን ሲዘጋጅ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ከሐኪሙና ከመሐንዲሱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ለተማሪዎች እንዲያስረዱ። ጥያቄው ከመቅረቡ በፊት ከሰብሳቢው ጋር ተነጋግሮ፣ ንግግሩ እንዳለቀ ወዲያው ድምፅ የሚሰጥበት አጀንዳ አድርጎ ማስያዝ ያስፈልጋል።